የድርጅት ቪዲዮን በተመልካቹ አገር መገደብ፦ ለጎንደር ድርጅቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በጎንደር የሚሠሩ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ሆቴሎች፣ ሰሊጥ ላኪዎች፣ የግል ኮሌጆችና አክሲዮን ማኅበራት የራሳቸውን ቪዲዮ ማዘጋጀት ለምደዋል። የአዲስ ሠራተኛ ሥልጠና፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቀረጻ፣ ለውጭ ወኪሎች የሚላክ የዋጋ ማብራሪያ፣ የጥምቀት በዓል ምስል ሁሉም በአንድ ቋት ይቀመጣሉ፤ ሊንካቸውም በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል። ሊንኩ አንዴ ከወጣ በኋላ ማን እንዳየውና ከየት አገር ሆኖ እንዳየው የሚቆጣጠር የለም። ይህ መመሪያ የድርጅቱን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በኃላፊነት ለያዘ ባለሙያ የተጻፈ ሲሆን፣ ቪዲዮው በተፈቀደለት አገር ብቻ እንዲታይ ለማድረግ ከውሳኔው እስከ ክትትሉ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በመገኛ ላይ የተመሠረተ ገደብ አገርን የሚለይ እንጂ ሰውን የማይለይ መሆኑ ነው። የውል ግዴታን ለማክበርና ቪዲዮው ያለ ልክ እንዳይሠራጭ ለማጥበብ ይጠቅማል፤ ምስጢር ለመጠበቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ሰውን የሚለየው አካውንትና የይለፍ ቃል ነው። አንዱን በሌላው ለመተካት የሞከረ ድርጅት ወይ የራሱን ሠራተኛ ከውጭ ያስቀራል፣ ወይ ለማይመለከተው ሰው በሩን ይከፍታል፤ ስለዚህ በሚከተሉት ደረጃዎች ሁለቱ ተደርበው እንዲሠሩ ተደርጓል።

ደረጃ 1፦ ውሳኔውን በጽሑፍ ያስፍሩ

የትኛው ቪዲዮ፣ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደሚገደብ ከሥራ አስኪያጁና ከሕግ አማካሪው ጋር ተነጋግረው ይጻፉ፤ ምክንያቱ ሲለያይ ደንቡም ይለያያልና። ዋና ቢሮው ፒያሳ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ደባርቅና መተማ የሆኑለትን አንድ አስጎብኚ ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። ድርጅቱ ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ያስቀረጸውን ምስል በጀርመን የማሳየት ብቸኛ መብት ለአንድ የጀርመን ጣቢያ ሸጦ ከሆነ፣ ቪዲዮው በሌላው ዓለም ክፍት ሆኖ በጀርመን ብቻ መዘጋት አለበት። ማጀቢያ ሙዚቃውን በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ እንዲጠቀምበት ከባለመብቱ የተፈቀደለት የማስተዋወቂያ ፊልም ደግሞ በተቃራኒው በኢትዮጵያ ብቻ ይከፈታል። የሙዚቃ ባለመብቱን ጥቅም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለሚጠብቀው፣ ፈቃዱ የተሰጠበትን ወሰን ማክበር የመልካም ፈቃድ ጉዳይ አይደለም።

የአስጎብኚዎች ሥልጠና ግን የሚገድበው ውል የለም። አገሩን መገደብ የሚጠቅመው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ሊያየው የሚገባ ሰው እስካልኖረ ድረስ፣ ያለ ምክንያት ተጋልጦ እንዳይቀመጥ ነው። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ቀረጻ ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ባለአክሲዮን ጎንደር ካለው ጋር እኩል የማየት መብት ስላለው፣ ቀረጻውን «ለኢትዮጵያ ብቻ» ማለት ገንዘቡን ያፈሰሰውን ሰው ከራሱ ድርጅት ማራቅ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቪዲዮ የአገር ገደብ ጨርሶ አያስቀምጡ፤ በአካውንት ብቻ ይጠብቁት።

ገደብ የሚዘጋጀው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ የተፈቀዱ አገሮች ዝርዝር ይጻፋል፣ ወይ የተከለከሉት። እኔ የምመክረው ውል ስሙን ጠቅሶ ለሚከለክለው አገር ብቻ የተከለከሉ ዝርዝር እንዲጠቀሙ፣ በቀረው ሁሉ ግን የተፈቀዱ ዝርዝር እንዲይዙ ነው። የተከለከሉ ዝርዝር የተረሳን አገር ክፍት ያደርገዋል፤ የተፈቀዱ ዝርዝር የተረሳን አገር ይዘጋዋል። የተዘጋበት ሰው ደውሎ ይጠይቃል፤ በስህተት የተከፈተለት ግን ዝም ብሎ ያያል።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ስሙን፣ አገሮቹን፣ የገደቡን ምክንያት፣ ገደቡ የሚያበቃበትን ቀንና ያጸደቀውን ኃላፊ የያዘ አንድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። በኋላ «ይህ ለምን ተዘጋ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ የሚገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ አይፒ አድራሻ የሚናገረውንና የማይናገረውን ይረዱ

ይህን ክፍል ዘለው ወደ ዳሽቦርዱ (ወደ አገልግሎቱ መቆጣጠሪያ ገጽ) የሚሄዱ ሰዎች የሚጽፉት ደንብ በወረቀት ላይ ትክክል፣ በጎንደር ጎዳና ላይ ስህተት ይሆናል፤ ስለዚህ ጊዜ ወስደው እንዲያነቡት እጠይቃለሁ።

ተመልካቹ ቪዲዮውን ሲከፍት ጥያቄው ከአንድ አይፒ አድራሻ (ግንኙነቱ በኢንተርኔት ላይ ከሚለይበት ቁጥር) ይመጣል። ሰርቨሩ ያንን አድራሻ አድራሻዎችን ከአገሮች ጋር ከሚያዛምድ መዝገብ ውስጥ ይፈልገዋል። በአፍሪካ የአይፒ አድራሻ የሚያከፋፍለው መቀመጫውን በሞሪሽየስ ያደረገው አፍሪኒክ ሲሆን፣ የትኛው የአድራሻ ክልል ለየትኛው ቴሌኮም እንደተሰጠ በይፋ መዝግቦ ይይዛል። እንደ ማክስማይንድ ያሉ ድርጅቶች ይህን የመሰለ መረጃ ከሌሎች ምንጮች ጋር አቀናጅተው የመገኛ መዝገብ ያዘጋጃሉ። መዝገቡ አገርን በመለየት ረገድ አስተማማኝ ነው፤ ከተማን በመለየት ረገድ ግን በእኛ አገር ሊታመን አይገባም።

ምክንያቱ የሞባይል ዳታ የሚያልፍበት መንገድ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲም የያዘ የጎንደር ተመልካች ለብቻው የተሰጠ ይፋዊ አድራሻ ላይኖረው ይችላል። ቴሌኮሞች ለብዙ ደንበኞች አንድ ይፋዊ አድራሻ ያጋራሉ፤ ለዚህ የውስጥ አሠራር በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል ተለይቶ ተቀምጧል። ቪዲዮዎን የያዘው ሰርቨር የሚያየው ዳታው ከቴሌኮሙ ወደ ዓለም አቀፉ ኢንተርኔት የሚወጣበትን የጋራ አድራሻ ስለሆነ፣ መዝገቡ ብዙ ጊዜ «አዲስ አበባ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ «ለጎንደር ከተማ ብቻ» የሚል ደንብ ቢጽፍ፣ አዘዞ ያለው ሠራተኛ ተከልክሎ ይቀራል። ያንን ለማስተካከል «አዲስ አበባ»ን ቢጨምር ደግሞ ቦሌ ያለ ማንም ሰው ቪዲዮውን ያያል። ከአገር በታች የሆነ ገደብ በአይፒ አድራሻ አይሞክሩ።

በእርግጥ ቪዲዮው ከጎንደር ቢሮ ውጭ መታየት የሌለበት ከሆነ ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉ። አንደኛው ለቢሮው የመስመር ኢንተርኔት የማይለወጥ ይፋዊ አይፒ አድራሻ ከቴሌኮሙ ጠይቆ፣ ያንን አድራሻ ብቻ መፍቀድ ነው። ሁለተኛው ቪዲዮውን ጭራሹን ወደ ኢንተርኔት ሳያወጡ በቢሮው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ፣ በቢሮው ዋይፋይና ኬብል ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ብቻ ማሳየት ነው። ለሥልጠና ቪዲዮዎች ሁለተኛውን አጥብቄ እወደዋለሁ፤ የውጭው ኢንተርኔት ሲደክም ወይም ሲቋረጥም ሥልጠናው አይቆምም፣ የዳታ ወጪም አያስከትልም።

የስልክ ሮሚንግ ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ነው። በሮሚንግ ጊዜ የስልኩ ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እናት ቴሌኮሙ ተመልሶ ከዚያ ይወጣል። በዚህም ምክንያት በበርሊን የቱሪዝም ዐውደ ርእይ ላይ ያለ የሽያጭ ባልደረባዎ በኢትዮጵያ ሲሙ ሲከፍት ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ይታያል፤ እዚያው ቁጭ ብሎ በሆቴሉ ዋይፋይ ሲከፍት ደግሞ ጀርመን ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት አገር ማለት ነው። በመተማ ዮሐንስም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በንግዱ ምክንያት የሱዳን ሲም የሚይዝ ሰው በዚያ ሲም ቪዲዮውን ሲከፍት፣ እግሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሆንም መዝገቡ «ሱዳን» ይላል። የመተማ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ሠራተኞቹ በየትኛው ሲም እንደሚሠሩ ደንቡን ከመጻፉ በፊት ሊጠይቅ ይገባል።

ቪፒኤን ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ገደቡን ያፋልሳል። ውጭ ያለ ሰው በኢትዮጵያ በኩል የሚወጣ ቪፒኤን ካገኘ ይገባል፤ ጎንደር ያለ ሠራተኛ ስልኩ ላይ የጫነውን ቪፒኤን ሳያጠፋ ከረሳ ደግሞ ኔዘርላንድ ወይም አሜሪካ እንዳለ ተቆጥሮ ይከለከላል። በተግባር የሚመጣው አብዛኛው ቅሬታ ከሁለተኛው ነውና፣ ቅሬታ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ቪፒኤን በርቷል ወይ?» የሚል ይሁን።

አንዳንዶች በአይፒ ምትክ የስልኩን ጂፒኤስ በብሮውዘር በኩል መጠየቅ ይሻላል ይላሉ። ብሮውዘሩ መገኛን የሚሰጠው ተመልካቹ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም መልስ በቀላሉ ሊቀየር ይችላል። ተመልካቹን በአቅራቢያው ወዳለው ቅርንጫፍ ለመምራት ይጠቅም ይሆናል፤ ለክልከላ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቪዲዮው የሚቀመጥበትን አገልግሎት ይምረጡ

ዩቲዩብ ላይ ተራ ቻናል ያለው ድርጅት አገር መምረጥ አይችልም። የአገር ገደብ የተሰጠው የይዘት ባለመብትነት አስተዳደር ለተፈቀደላቸው አጋሮች ብቻ ነው፤ ለሌላው ያለው ምርጫ ለሁሉም ክፍት፣ በሊንክ ብቻ የሚገኝ ወይም የግል ማድረግ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጫነ ፋይል ደግሞ በምንም የአገር ደንብ አይያዝም። ስለዚህ ገደብ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ከሁለቱም ቦታ ወጥቶ መቀመጥ አለበት፤ በቴሌግራም የሚላከው የተጠበቀው ገጽ ሊንክ እንጂ ፋይሉ አይሁን።

ድርጅቱ ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም ከሆነና ተመልካቾቹ ሠራተኞች ብቻ ከሆኑ፣ አዲስ ነገር መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። የማይክሮሶፍት የአካውንት ማስተዳደሪያ በሆነው በኤንትራ አይዲ ውስጥ ያለው ኮንዲሽናል አክሰስ የተባለው ክፍል አገሮችን በዝርዝር አስገብቶ ከዚያ ውጭ የሚመጣን አካውንት መከልከል ያስችላል፤ ለዚህ ቢያንስ የፒ1 ደረጃ ፈቃድ መኖር አለበት። አገሩን በአይፒ ወይም በሠራተኛው ስልክ ላይ ባለው የኦተንቲኬተር መተግበሪያ ጂፒኤስ እንዲለይ ማድረግ ይቻላል። ክልከላው የሚሠራው ሰውየው የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ ስለሆነ፣ ሰውንና አገርን በአንድ ላይ ይይዛል።

ተመልካቾቹ ደንበኞችና ወኪሎች ከሆኑ ግን የቪዲዮ ማሠራጫ አገልግሎት ይፈለጋል። ብራይትኮቭና ካልቱራ የአገር ገደብን በተዘጋጀ ቅጽ ያቀርባሉ፤ ለትልቅ ድርጅት ምቹ ናቸው። መካከለኛ አቅም ላለው የጎንደር ድርጅት ግን ክላውድፍሌር ስትሪም፣ ወይም አማዞን ክላውድፍሮንት፣ ወይም የማክስማይንድ መዝገብ የተጫነበት የራስ ኤንጂንኤክስ (ድረ ገጽ የሚያቀርብ ሶፍትዌር) ሰርቨር ይበቃል። የራስ ሰርቨርን የሚመርጥ ሰው መዝገቡን በየሳምንቱ የሚያድስ ሥራ አብሮ ማዘጋጀት አለበት። የአድራሻ ክልሎች በየጊዜው ከባለቤት ወደ ባለቤት ስለሚተላለፉ፣ ያረጀ መዝገብ ትናንት የኢትዮጵያ ያልነበረን አድራሻ ዛሬም እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል።

የክላውድፍሮንትን አንድ ጠባይ ከመምረጥዎ በፊት ይወቁ። አብሮት የሚመጣው የአገር ገደብ የሚሠራው በአንድ ስርጭት (ፋይሎች በጋራ ደንብ በሚተዳደሩበት ክፍል) ውስጥ ባሉ ፋይሎች ሁሉ ላይ ነው። የጥምቀቱ ምስል በጀርመን ብቻ ተዘግቶ የሥልጠናው ቪዲዮ በኢትዮጵያ ብቻ እንዲከፈት ከተፈለገ ሁለት የተለያዩ ስርጭቶች መፍጠር ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ዋናውን ቋት ይዝጉ

ብዙ ጊዜ የሚረሳውና ሥራውን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ይህ ነው። ድርጅቱ ገጹ ላይ የአገር ገደብ ያስቀምጣል፤ ቪዲዮው ራሱ የተቀመጠበት ቋት ግን ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ገጹን የተከለከለ ሰው የፋይሉን ቀጥተኛ አድራሻ ካገኘ ያለ ምንም ችግር ያያል።

የዛሬ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ በኤችኤልኤስ ስልት ይሠራጫል። ፋይሉ ወደ አጫጭር ቁራጮች ይከፈልና አንድ የዝርዝር ፋይል ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ይጠራቸዋል። አፕል የሚመክረው የቁራጭ ርዝመት 6 ሰከንድ ስለሆነ፣ የ30 ደቂቃ ሥልጠና በአንድ የጥራት ደረጃ 300 ቁራጮች ይኖሩታል። ገደቡ በገጹና በዝርዝሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ቁራጮች ሁሉ ላይ መሥራት አለበት።

ቋቱ በአማዞን ኤስ3 ላይ ከሆነ የሕዝብ መዳረሻውን ይዝጉና ኦሪጅን አክሰስ ኮንትሮል በተባለው ቅንብር በኩል ክላውድፍሮንት ብቻ እንዲያነበው ያድርጉ። የራስ ሰርቨር ከማሠራጫ ኔትወርክ (ፋይሉን ለተመልካቹ ቅርብ ከሆኑ ሰርቨሮች ከሚያደርስ አገልግሎት) ጀርባ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ኔትወርክ አድራሻዎች በቀር ሌላ ጥያቄ እንዳይቀበል በፋየርዎል ይገድቡት። የአገር ምርመራውም መደረግ ያለበት በማሠራጫ ኔትወርኩ ጠርዝ ላይ ነው። ከጀርባ ያለው ሰርቨር የሚያየው የኔትወርኩን አድራሻ እንጂ የተመልካቹን አይደለም፤ ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) የተቀመጠ ቁራጭ ለሚቀጥለው ጠያቂ የሚሰጠው ዋናው ሰርቨር ሳይጠየቅ ነው።

ደረጃ 5፦ የአገር ደንቡን ይጻፉ

አገልግሎቶቹ አገርን የሚያውቁት በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በሁለት የላቲን ፊደላት ነው። የኢትዮጵያ «ኢ-ቲ» ነው፤ «ኢ-ኢ» የኢስቶኒያ፣ «ኢ-አር» ደግሞ የኤርትራ ነው። የእንግሊዝ «ጂ-ቢ» እንጂ «ዩ-ኬ» አይደለም፤ የስዊዘርላንድ «ሲ-ኤች»፣ የቻይና «ሲ-ኤን»፣ የጀርመን «ዲ-ኢ»፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች «ኤ-ኢ» ነው። ፊደላቱን በግምት አይጻፉ፤ በደረጃ 1 ያዘጋጁት ሰንጠረዥ ላይ ከአገሩ ስም ጎን አስቀምጠው፣ ሁለተኛ ሰው ያመሳክርልዎ።

በክላውድፍሌር ስትሪም ላይ ቪዲዮው የተፈረመ ሊንክ እንዲጠይቅ መጀመሪያ ያዝዙ፤ ይህ ካልተደረገ በቶክኑ (ከሊንኩ ጋር በሚሰጠው የተፈረመ ፈቃድ) ውስጥ የሚጻፈው የአገር ደንብ ዋጋ የለውም። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ የመጀመሪያው የገጠመው ይሠራል፣ የቀሩት አይታዩም። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር «ኢትዮጵያን ፍቀድ»፣ በመጨረሻው መስመር «ማንኛውንም ከልክል» ብለው ይጻፉ። የመጨረሻው መስመር ከተረሳ የተፈቀዱ ዝርዝር የጻፉ ይመስልዎታል እንጂ ማንንም አልከለከሉም።

በክላውድፍሮንት ላይ ደግሞ በስርጭቱ የደኅንነት ክፍል የአገር ገደብ የሚለውን ከፍተው የተፈቀዱ ወይም የተከለከሉ ዝርዝርን መርጠው አገሮቹን ያስገባሉ፤ ለውጡ በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች እስኪዳረስ ጥቂት ይጠብቁ። ክላውድፍሮንት የተመልካቹን አገር መለየት ካቃተው ቪዲዮውን ያሳያል። ውሉ ጥብቅ ከሆነና ይህ የማይፈለግ ከሆነ በዚህ ገደብ ላይ ብቻ አይደገፉ። በሌሎቹ አገልግሎቶች ላይም «አገሩ ያልታወቀ» የሚለው ምን እንደሚደረግ ራስዎ ይወስኑ። ክላውድፍሌር ለምሳሌ ያልታወቀን አገርና መገኛን በሚደብቀው በቶር ኔትወርክ የመጣን ጠያቂ ለየብቻ በተለየ ምልክት ያሳያል፤ ለተፈቀዱ ዝርዝር ሁለቱም መከልከል አለባቸው።

የራስ ሰርቨር ያለው ሰው የአይፒ ሥሪት 6 አድራሻዎችም በመዝገቡ እንደሚፈተሹ ያረጋግጥ። ሥሪት 4ን ብቻ የሚመለከት ደንብ ግማሹን በር ክፍት ይተዋል።

ደረጃ 6፦ በላዩ ላይ አካውንትና ጊዜያዊ ፈቃድ ይጨምሩ

ተመልካቹ በአካውንቱ ሲገባ ሲስተሙ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የተፈረመ ፈቃድ ይሰጠዋል። ብዙ ቁራጮች ላሉት ኤችኤልኤስ ቪዲዮ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ከመፈረም፣ ፎልደሩን በሙሉ የሚሸፍን የተፈረመ ኩኪ ወይም ቶክን መስጠት ይሻላል። የፈቃዱ ዕድሜ ከቪዲዮው ርዝመት በደንብ መብለጥ አለበት፤ ፈቃዱ መሐል ላይ ካለቀ ቀጣዩ ቁራጭ ይከለከልና ቪዲዮው ይቆማል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ለሚያይ ሰው ለ30 ደቂቃ ቪዲዮ የ2 ሰዓት ፈቃድ ቢሰጥ አይበዛም።

ፈቃዱን ከተመልካቹ አይፒ አድራሻ ጋር የማሰር ምርጫ በአንዳንድ አገልግሎቶች አለ። ለሞባይል ዳታ ተጠቃሚ አይምረጡት፤ ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲዛወር ወይም ቴሌኮሙ የጋራ አድራሻውን ሲቀይርበት፣ ምንም ያላጠፋው ሠራተኛ መሐል ላይ ይባረራል።

የሰዓቱን ጉዳይ በጥንቃቄ ይያዙ፤ ብዙ ሊንክ ያለ ጊዜው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። አገልግሎቶቹ የማብቂያውን ሰዓት የሚያነቡት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ነው፤ የኢትዮጵያ የሰዓት ክልል ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ አቆጣጠራችን ደግሞ ከውጭው በ6 ሰዓት ይለያል። ሲጠቃለል ለቀን ሰዓት 3፣ ለሌሊት ሰዓት 15 መደመር ነው። ፈቃዱ ከቀኑ 11 ሰዓት እንዲያበቃ ከተፈለገ በዩቲሲ 14፡00 ተብሎ ይጻፋል። «11፡00» ብሎ የጻፈ ሰው ሊንኩን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 17፡00 ነው።

ምስጢራዊ ለሆኑ ቪዲዮዎች የተመልካቹን ስም ወይም የሠራተኛ ቁጥር በሥዕሉ ላይ በደብዛዛ ጽሑፍ ማሳየት ይጨመርበት። ስክሪን መቅዳትን ሙሉ በሙሉ መከልከል አይቻልም፤ የተቀዳው ከማን እንደወጣ ማወቅ ግን ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ለሚከለከለው ሰው የሚታየውን መልእክት ያዘጋጁ

ሳይዘጋጅ ከቀረ ተመልካቹ የሚያየው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የ403 ስህተት (መዳረስ ተከልክሏል የሚል ኮድ) ወይም ዝም ብሎ የሚሽከረከር ክብ ነው። ይህ ለደንበኛም ለባልደረባም ክብር የጎደለው አቀባበል ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጭር ገጽ ያዘጋጁ፤ ለምሳሌ እንዲህ የሚል፦

«ይህ ቪዲዮ እርስዎ ካሉበት አገር እንዲታይ ፈቃድ የለውም። ግንኙነትዎ የመጣው ከጀርመን እንደሆነ ተመልክተናል። ይህ ትክክል ካልሆነ ቪፒኤን ካለዎት አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ። የድርጅቱ ባልደረባ ከሆኑ ከታች ያለውን የጥያቄ ቁጥር ይዘው የኮምፒውተር ክፍሉን ያነጋግሩ።»

የተለየውን አገር ስም መንገር ጥፋት የለውም፤ ብዙ ቅሬታም ያስቀራል። በሕጋዊ ትእዛዝ ለተዘጋ ይዘት 451 የሚል ሌላ ኮድ አለ፤ በራስ ውሳኔ ወይም በውል ለተዘጋ ግን 403ን ይጠቀሙ።

ደረጃ 8፦ ከመልቀቅዎ በፊት ይሞክሩ

ሙከራው በቢሮው ዋይፋይ ብቻ አያልቅም። ከጎንደር ሆነው በኢትዮ ቴሌኮም ዳታ፣ በሳፋሪኮም ዳታና በመስመር ኢንተርኔት አንድ በአንድ ይክፈቱ። ደባርቅና መተማ ያሉ ባልደረቦች በየራሳቸው ስልክ እንዲከፍቱ አድርገው የታየውን በስክሪን ሾት ይሰብስቡ። ክልከላውን ለመፈተን በጀርመንና በሌላ አንድ አገር የሚወጣ ቪፒኤን ይጠቀሙ፤ ውጭ የሚኖር የታመነ ሰው ካለ ደግሞ ከቪፒኤን የተሻለ ማረጋገጫ እሱ ነው። ከተከለከለው አገር ሆነው ገጹን ብቻ ሳይሆን የዝርዝሩን ፋይልና የአንዱን ቁራጭ ቀጥተኛ አድራሻ በብሮውዘሩ ላይ ይለጥፉ፤ ሦስቱም 403 ካልመለሱ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። ደንብ ቀይረው ወዲያው ሲሞክሩ አሮጌው መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ክላውድፍሮንት ለምሳሌ የስህተት መልስን በነባሪ ለ10 ሰከንድ በካሽ ይይዛል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አድራሻ በስህተት የሌላ አገር ሆኖ ከተገኘ፣ አድራሻውን ለብቻው በመፍቀድ ችግሩን ለጊዜው ያቃልሉና ለመዝገቡ አዘጋጅ የማስተካከያ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ማክስማይንድ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለው።

ደረጃ 9፦ ሎጉንና ቀኖቹን ይከታተሉ

በሎጉ (ማን መቼ እንደከፈተ በሚይዘው መዝገብ) ላይ የሚመዘገበው የአይፒ አድራሻ፣ ሰዓትና የአካውንት ስም አንድ ላይ ሲሆን ሰውን የሚለይ መረጃ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን በዘፈቀደ መሰብሰብ አይገባም። ምን እንደሚመዘገብና ለምን እንደሆነ ለተመልካቹ በመግቢያ ገጹ ላይ ይንገሩ፤ ሎጉን ማየት የሚችሉትን ሰዎች ይወስኑ፤ የሚቆይበትንም ጊዜ፣ ለምሳሌ 90 ቀን ብለው፣ ወስነው ከዚያ በኋላ እንዲጠፋ ያድርጉ። ሎጉን የሚያነቡት ለሁለት ነገር ነው፤ ከተፈቀደው አገር ውጭ ሆኖ የታየ ቪዲዮ መኖሩን ለማወቅ፣ እንዲሁም በሐሰት የተከለከሉ የራስ ሰዎችን ለማግኘት። አንድ የሠራተኛ አካውንት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለት አገር ከተከፈተ የይለፍ ቃሉ ለሌላ ሰው ተላልፎ ወይም ቪፒኤን በርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመዝጋትዎ በፊት ባለቤቱን ደውለው ይጠይቁ።

ውሎች የሚያበቁበትን ቀን ወደ ሲስተሙ ሲያስገቡ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ያመሳክሩ። ሰኔ 30 የሚያበቃ ውል በውጭው አቆጣጠር ጁላይ 7 ያበቃል፤ «ጁን 30» ተብሎ የገባ ገደብ ውሉ 7 ቀን ሲቀረው ይነሣና በእነዚያ ቀናት ድርጅቱ የሸጠውን መብት ራሱ ይጥሳል። ገደቡ በራሱ እንዲነሣ ከማድረግ ይልቅ ከማብቂያው ቀን አንድ ሳምንት በፊት ለባለሙያውና ለሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ እንዲደርሳቸው ያድርጉ፤ የሕግ አማካሪው ውሉ እንዳልታደሰ በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ገደቡ በሰው እጅ ይነሣ፣ የተነሣበትም ቀን በደረጃ 1 ሰንጠረዥ ላይ ይመዝገብ።